የተፈታ ወንበር ይለፍ ሲጠየቅ

አሶሳ፣ ሰኞ ንጋት

ገና በደንብ አልነጋም። እህቴ ደጃፍ ላይ ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ አይሱዙ እየጠበቅኩ ነው። ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ በጭነት መኪና ጋቢና ረጅም መንገድ አልሄድም ብዬ ምያለሁ፤ ወገቤ ምስክሬ ነው። ነገር ግን ትኬት ለመቁረጥ ዘግይቼ የሳምንቱ በረራ ሁሉ ሞላብኝ። አውቶቡሱን ደግሞ ስመጣ ስለቀመስኩት ሁለተኛ ልቀምሰው አልፈለግኩም። አሶሳ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ሙቀቱና ስለ ማንጎው ይጽፋል፤ እኔም ወጉ አይቅርብኝ። ሙቀቱ በዚህ ሰዓት እንኳ የሸሚዝ ቁልፍ ያስፈታል። ማንጎው መንገድ ላይ ወድቆ የሚያነሳው የለም፤ ባጃጆቹ እየጨፈለቁት ያልፋሉ።

መኪናውን ያገኘችልኝ የእህቴ ጎረቤት ሐዋ ናት። ሐዋ ሆሞሻ የተወለደች የበርታ ሴት ናት፤ አርባዎቹን ጀምራለች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ሳቋ ግን አጥር ይሻገራል። ጓሮዋ ካሉት የማንጎ ዛፎች ሥር ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ሆና የቀርከሃ ወንበር ትሠራለች። እነዚያ ሴቶች ከዚህ በፊት እንጨት ተሸክመው ገበያ ያወርዱ የነበሩ ናቸው።

እዚህ አገር ቀርከሃውን ሽመል ይሉታል። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ጎተራው ሁሉ ከሱ ነው። የሐዋ አባት አንገረብ ይሠሩ ነበር፤ አንገረብ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው የሚተኛበት የገመድ አልጋ ነው። ቤተሰብ ሰፈር ሲቀይር አልጋው ይፈታል፣ ታስሮ በአህያ ይጫናል፣ የደረሱበት ይገጠማል። ሐዋ ወንበሯን እንደ አባቷ አልጋ አደረገችው። ሚስማር የሚባል ነገር የለውም። እግሩ፣ መቀመጫውና ጀርባው ለየብቻ ይሠራሉ፤ ከዚያው ከቀርከሃ በተጠረበ ትንሽ ካስማ ይያያዛሉ። ከአልጋው የሚለየው፣ የወንበሩ ካስማ ጠብቆ መመታት አለበት፤ አንዴ ከተመታ ደግሞ እግሩን ሳይሰነጥቅ አይወጣም። ስለዚህ ካስማዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ ለብቻ ይዛለች፤ ሥራው የሚያልቀው አዲስ አበባ ሲደርስ ነው።

አዲስ አበባ አንድ አዲስ ሆቴል ለሰገነቱ መቶ ወንበር አዟታል። ቅዳሜ ይመረቃል። ካማረላቸው ለሌሎቹም ቤቶቻቸው እንደሚያዙ ነግረዋታል። ይህ ትዕዛዝ ካልተሳካ ግን ሥራውን እንደምትዘጋ ለእህቴ በአጥር በኩል ነግራታለች፤ አሶሳ ውስጥ ወንበር የሚገዛ ሰው ርካሹን ፕላስቲክ ነው የሚገዛው።

አይሱዙው መጣ። ሾፌሩ ይመር ይባላል፤ ወላጆቹ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው፤ አፉ ግን አሁንም ወሎ ነው።

“አያ፣ ይግቡ በሉ! ናፍታ ሰልፍ ላይ አድሬ ነው የመጣሁ፤ ከነጋ ሙቀቱ ሸጋ አይደለም” አለኝ።

ሐዋ ከኋላ ሸራውን ገልጣ አሳየችኝ። እግሮች በእግሮች ላይ፣ ጀርባዎች በጀርባዎች ላይ፣ በገመድ እየታሰሩ ተደርድረዋል። መቶ ወንበር አንድ መኪና ላይ፣ ያውም ቦታ ተርፎ።

“ወንበር ከነእግሩ ከሄደ አየር ነው የሚጫን” አለችኝ። “አየር ደግሞ ኪራይ አለው። ሴቶቹ ሌሊት ሠራ፣ አሰረ፣ መቶው ሁሉ ገባ። ወላሂ፣ አንድ መኪና በቃ!”

እንዲህ ኮርታ ሳያት ወገቤን ለትንሽ ጊዜ ረሳሁት።

ባምባሲ፣ ሰኞ ረፋድ

ከአሶሳ እስከ ባምባሲ መንገዱ ጥሩ ነው። ግራና ቀኙ የተቃጠለ ሣር፣ ጥቁር መሬት፣ ከጥቁሩ መሬት መሀል ደግሞ አረንጓዴ ቀርከሃ። የሠፈራ መንደሮቹ አምባ እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ፤ ይመር በያንዳንዷ አምባ ፊት ክላክስ ይነፋል፤ በሁሏም ዘመድ አለው። ጋቢናው ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ መሀል ነኝ፤ ማርሹ ጉልበቴ ላይ ነው የሚገባው።

ባምባሲ ቁርስ በላን። ፉል በዘይትና በቃሪያ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ቀይ የከርከዴ ሻይ። ዋጋው ካምናው እጥፍ ሆኗል፤ ፉሉ ግን እጥፍ አልሆነም። ሐዋ የሻይ ቤቷን ባለቤት “አንተ፣ ስኳር ጨምር” አለቻት፤ ሴትየዋም ስኳሩን አመጣች። እዚህ አማርኛ የሁሉም ነው፤ ማንም እንደፈለገው ይይዘዋል፤ የሚስቅ የለም።

“ሆቴሉ ከወደደው፣ ሌላ አሥር ሴት እጨምራለሁ” አለችኝ ሐዋ። “ቤት እከራያለሁ። ዝናብ ሲመጣ ማንጎ ሥር አይሠራም፣ ሽመል ይበሰብሳል።”

“ካልወደደውስ?”

“ይወዳል። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ መጥፎ አታውራ።”

ይመር ሳቀ። ከኋላችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ኦሮምኛ ይወራል፤ ከውጭ የመስጊድ ድምፅ ይመጣል። ከነሱ ጋር መሄዴ ደስ አለኝ፤ ይህን ለመጻፍ ፈራሁ፤ መንገድ ላይ ደስ ባለኝ ቁጥር የሆነ ነገር ይበላሻል።

ኬላው፣ ሰኞ እኩለ ቀን

ተበላሸ።

ከባምባሲ ወዲያ መንገዱን የሚዘጋ ገመድ አለ፤ ከገመዱ አጠገብ የቆርቆሮ ዳስ። የኬላውን ስም አልጽፍም፤ እንደሱ ያለ ኬላ በየመንገዱ አለ። ከዳሱ የወጣው ሰው ቀጭን ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሰላምታው ጨዋ ነው። ሸራውን አስገለጠ። ረጅም ጊዜ አየ።

“ይሄ ምንድነው?”

“ወንበር ነው” አለች ሐዋ።

“የታለ ወንበሩ?”

ሐዋ አንድ እስር ፈትታ አወጣች። “ይሄ እግር። ይሄ መቀመጫ። ይሄ ጀርባ።”

ሰውየው መነጽሩን አደረገ፤ አንዱን እግር አንስቶ በጫፉ ቀዳዳ አየ። “እናቴ፣ እኔ የማየው የተቆረጠ ቀርከሃ ነው። መመሪያው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው። ያለቀለት የቤት ዕቃ አለ፤ ጥሬ የደን ውጤት አለ። ያለቀለት ዕቃ ከሆነ የንግድ ፈቃድዎን አይቼ አሳልፍዎታለሁ። ጥሬ ከሆነ የደን ይለፍ ያሳዩኝ።”

የሐዋ ፈቃድ የእደ ጥበብ አምራች ፈቃድ ነው። ጥሬ ቀርከሃ ከክልሉ የሚያስወጣ ይለፍ የሚሰጠው ለደን ውጤት ነጋዴ ነው። ሁለቱን ፈቃድ አንድ ሰው መያዝ አይችልም፤ ነጋዴው እንዳይሠራ ነው ወይስ ሠሪው እንዳይነግድ፣ ሰውየውን ብጠይቀው እሱም አያውቀውም።

እኔ የተማርኩ ነኝ ብዬ ጣልቃ ገባሁ። “ጌታው፣ ልብስ ታጥፎ ስለተጫነ ልብስ አይደለም ይባላል?”

“ስለ ልብስ የተጻፈ መመሪያ የለኝም” አለኝ በትህትና።

ይመር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሰውየው ያንን እጅ ባዶውን እስኪወጣ ድረስ ቆሞ አየው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ከምሳ በፊት ባለቀ ነበር። ታማኝ ሰው ነው፤ ለዚያች ለያዛት ወረቀት ታማኝ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በጣም ያደክማል፤ የምትሰድበው ነገር አታገኝበትም።

ሐዋ ክርክሩን ተወችው። መሬት ላይ ተንበረከከች፤ ከከረጢቱ ካስማ አወጣች፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳች። ቀዳዳውን በጣቷ ጠረገች፣ እግሩን አስገባች፣ መታች። ጀርባውን አስገባች፣ መታች። ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ወዲያው ወንበር ሆነ፤ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ትንሽ ወደ ኋላ የሚተኛ፣ ያማረ ወንበር። ሰውየው ፊት አስቀመጠችው።

“ተቀመጥ” አለችው።

ተቀመጠ። ወደ ግራ ተወዛወዘ፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ፣ ጀርባውን ጣለ። ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሙቀት ነው፣ ሰውየውም ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።

“ጥሩ ወንበር ነው” አለና ተነሳ። “ይሄኛው አልፏል።”

“ሌላውስ?”

“ሌላው ገና ወንበር አልሆነም።”

በዚሁ መሀል አንድ ትልቅ መኪና መጣ። ረጃጅም ጥሬ ቀርከሃ እስከ ላይ ጭኗል፤ ጫፉ ከኋላ መንገዱን ይጠርጋል። ሾፌሩ ከመስኮት አንዲት ወረቀት አወጣ፤ ገመዱ ወረደ፤ አለፈ። አቧራው እኛ ላይ አረፈ።

“አዲስ አበባ ወንበር የሚሠሩ አሉ” አለኝ ይመር ቀስ ብሎ። “ለነሱ ነው የሚሄድ። የኛው የሆሞሻ ሽመል ነው እኮ፣ አያ!”

“አንዴ ገጣጥመን እንለፍ፤ ከዚያ ማዶ እንፍታው” አልኩ።

“ካስማው አይወጣም” አለች ሐዋ። “እግሩ ይሰነጠቃል።”

ሰውየውም ሰምቶኝ ነበር። “ባይሰነጠቅም ወደፊት ብዙ ኬላ አለ። የትም ተፈቶ ከተገኘ ያው ነው። ልጉዳዎት ብዬ አይደለም፣ እናቴ። እኔ ባሳልፍዎት ሌላው ይወርስብዎታል።”

ይህን የተናገረው ከልቡ ነው። ለዚህ ነው ይበልጥ የተናደድኩት።

ኬላው፣ ሰኞ ከሰዓት

መመለስ ማለት ቅዳሜን ማጣት ነው። ስለዚህ መቶውን ወንበር መንገድ ዳር ልንገጥም ተነሳን።

ሐዋ በመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠች። ይመር እስሩን ያወርዳል፣ እኔ እለያለሁ። የፊት እግርና የኋላ እግር የሚለየው በአንድ ቀዳዳ ነው፤ እኔ ደግሞ መነጽሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከልብሴ ሁሉ ሥር ቀብሬዋለሁ። ያቀበልኳት እግር ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ። በሦስተኛው ሐዋ የፊቱን እግሮች በግራዬ፣ የኋላዎቹን በቀኜ አስቀመጠችልኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። የሐዋ መዳፍ በድንጋዩ ተላጠ፤ ሻሿን ቀድዳ ጠመጠመችበት። ይመር “እታለም፣ እኔ ልምታ” ቢላት አልሰጠችም፤ በተሳሳተ ቦታ የተመታ ካስማ ወንበሩን ያበላሻል፣ የተበላሸ ወንበር ደግሞ ሆቴሉ ይመልሳል። ቆይቶ ግን እጇ እምቢ አላት። ያኔ ይመርን አስተምራ ለቀቀችለት።

አንድ የሕዝብ አውቶቡስ ለፍተሻ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው አዩን። አንዲት አሮጊት የተገጠመ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ አንድ ወታደር። ሦስት ሰዎች ጃኬታቸውን አውልቀው ሥራ ገቡ። “የማን ሠርግ ነው?” ብሎ የጠየቀ ነበር፤ የመንገዱ ዳር በእውነት ድግስ የቀረበበት ግቢ መስሏል። ሐዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠዋት ወዲህ ሳቀች። አውቶቡሱ ሲሄድ ሰዎቹም ሄዱ፤ ሳቁም አብሯቸው ሄደ።

ወደ ማምሻው ላይ ባለ መነጽሩ ሰው ተራው አልቆ ከዳሱ ወጣ። ወደ ቤቱ ይሄዳል ስንል እጅጌውን ሰብስቦ ከሐዋ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ድንጋይ አነሳ። የመጨረሻዎቹን ወንበሮች ከኛ ጋር ሆኖ መታ።

“የኔም ቤት ቀርከሃ ነው” አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። “አባቴ ነው የሠራው። እኔ መመሪያውን አልጻፍኩትም።”

“የጻፈው ሰው ወንበር ያውቃል?” አለችው ሐዋ።

“ያውቃል መሰለኝ። ተቀምጦ ነው የሚጽፈው።”

ማንም አልሳቀም፤ እሱም ለማሳቅ አልነበረም። የሐዋን ፈቃድ አይቶ ፈረመ፤ መቶ ያለቀለት ወንበር ብሎ ጻፈ፤ መልካም መንገድ ተመኘልንና ሄደ።

ከዚያ መጫን ጀመርን። ጠዋት ትርፍ ቦታ የነበረው መኪና አሁን አርባ ወንበር ሳይሞላ ጠገበ። አንዱን በአንዱ ላይ ገለበጥን፣ እግር በእግር አቆላለፍን፣ ከጋቢናው በላይ አሰርን። ይመር ወጥቶ አየና ከዚህ ካለፈ ትራፊክ ያስወርደናል አለ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወንበር መንገድ ዳር ቀረ።

ሐዋ በቀሩት ወንበሮች መሀል ቆማ ነበር። ልታለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ። አላለቀሰችም። “አየር ጫንን” አለች።

ከኬላው አጠገብ ያለች ከተማ፣ ሰኞ ማታ

በዚህ መንገድ ከመሸ በኋላ ማንም አይነዳም። በረንዳው ላይ አልጋ የዘረጋ አንድ ማረፊያ አገኘን፤ የቀሩትን ወንበሮች በአህያ ጋሪ አመላልሰን ግቢው ውስጥ እንድናሳድር ፈቀዱልን። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ በላን። ባሚያው ይንሸራተታል፤ እኔ ባሚያ አልወድም፤ ዛሬ ግን ሳህኑን ጠረግኩት።

ሐዋ ለሆቴሉ ዕቃ ገዢ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ መሀላችን አስቀመጠችው። የሆነውን በቆራረጠ አማርኛዋ አስረዳችው። በወዲያኛው በኩል ያለው ወጣት ትዕግሥተኛ ነበር።

“እኔ እኮ ይገባኛል” አለ። “ግን ቅዳሜ እንግዳው በግማሽ ወንበር አይቀመጥም። ያለውን ላኪ፣ እናያለን።”

“ሌላውን መኪና ፈልጌ እልካለሁ።”

“እስከ መቼ?”

ሐዋ ወደ ይመር አየች። ይመር ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለተኛ መኪና ቢገኝ እንኳ የወንበሮቹን ትርፍ ኪራዩ ይበላዋል፤ ከዚያም ያልፋል። “ኢንሻአላህ በቶሎ” አለች ወደ ስልኩ። ወጣቱም “እሺ” አለ፤ “እሺ” ሲል ግን ልቡ ሌላ ቦታ እንደሄደ ሦስታችንም ሰማነው።

ማክሰኞ ጠዋት

ሐዋ ከቀሩት ወንበሮች ጋር ልትቀር ወሰነች። ትታቸው ብትሄድ ጠባቂ የለም፤ ይዛቸው ብትመለስ ለመመለሻውም መኪና ያስፈልጋታል።

“ወንድሜ፣ አንተ አዲስ አበባ ሰው ነህ” አለችኝ። “የኔ አማርኛ ሆቴል አይገባም። አንተ ተናገርልኝ። ሐዋ አልዘገየችም በል። ኬላ ነው በል። ሥራው ጥሩ ነው፣ ራሱ ይናገራል፣ ግን ሰው ሲኖር ይሻላል።”

“እናገራለሁ” አልኳት። ሰው ይህን ያህል ኃላፊነት ከሰጠኝ ቆይቷል፤ ሚስቴ እንኳ ዳቦ ግዛ ብላ ሁለት ጊዜ ትደውላለች።

ማረፊያው በር ላይ ከወንበሮቿ አንዱን አውጥታ ተቀምጣበት ነበር። እጇ አሁንም በሻሽ ተጠቅልሏል። መኪናው ሲነሳ ያልተጠቀለለውን እጇን አነሳችልን። ይመር እንደ ልማዱ ክላክስ አልነፋም።

ከዚያ ወዲያ መንዲ፣ ነጆ፣ ጊምቢ። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ቡና የተሰጣበት ግቢ፣ ደመና። በያንዳንዱ ኬላ ፈታሹ ቀና ብሎ ያያል፤ በላያችን የተቆለለውን የእግር መዓት አይቶ “ወንበር ነው” ይላል፤ ገመዱ ይወርዳል። ባዶ አየር ከተማ ለከተማ ተሸክመን እንሄዳለን፤ የሚጠይቀን የለም።

“አየ፣ አያ” አለኝ ይመር ከጊምቢ ወዲያ። “እኔ አሥር ዓመት ነዳሁ። ሲሚንቶ ጭኛለሁ፣ ማንጎ ጭኛለሁ፣ ጥሬ ሽመልም ጭኛለሁ። ጥሬውን ስጭን ማንም አይነካኝም፤ እውነቴን ነው። የሠራ ሰው ነው የሚቸገር።”

ነቀምቴ አደርን። ወገቤን የሆቴሉ ፍራሽ ላይ ዘርግቼ ስለ ሐዋ አሰብኩ፤ እንቅልፍ ግን አልጠበቀኝም፣ ወሰደኝ።

አዲስ አበባ፣ ረቡዕ ከሰዓት

ሆቴሉ ገና ቀለም ይሸታል። ዕቃ ገዢው ወጣት ሱፍ የለበሰ፣ ፊቱ ለስላሳ፣ ሰላምታው የሞቀ። ወንበሮቹ ሲወርዱ እየዞረ ዳሰሳቸው። ሐዋ እንደነገረችኝ ተናገርኩ፤ አልዘገየችም፣ ኬላ ነው፣ ሥራዋ ይኸው አልኩ። ሁሉንም ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

“ከዚህ የተሻለ አላየሁም” አለኝ። “የነዚህን ሒሳብ ዛሬውኑ እናስገባላታለን።”

“የቀሩትስ? በቶሎ ትልካለች።”

ወጣቱ ወደ ሰገነቱ ጠቆመኝ። ወጥቼ አየሁ። የቀረው ቦታ በሙሉ በቀርከሃ ወንበር ሞልቷል፤ በሚስማር የተመታ፣ ቫርኒሽ የጠጣ፣ ጀርባው ቀጥ ያለና የማያስተኛ። ሰኞ ማታ ሐዋ ስልኩን እንደዘጋች እዚሁ ከተማ ወዳለ ወንበር ሠሪ ደውለዋል። ማክሰኞ አደረሰላቸው። ልጁን ምን ልበለው? ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

ወንበር ሠሪው ራሱ እዚያው ነበር፤ አንዱን እግር ሊያስተካክል መጥቶ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጁ በሙጫ የተለበጠ ሰው ነው። ልጠላው ፈልጌ ነበር። የሐዋን ወንበር አንስቶ ገለበጠው፤ ካስማዎቹን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ልክ አባቱ የሠራውን እንዳገኘ ሰው መልሶ መላልሶ ዳበሳቸው።

“ይሄ እጅ ነው” አለ። “እኔ ይሄን አልችልም። የት ነች ሴትዮዋ?”

ነገርኩት። ስልኳን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። አብረው ይሠሩ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ለሷ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው።

አዲስ አበባ፣ ሐሙስ ጠዋት

ቤቴ ነኝ። ወገቤ ላይ ትኩስ ፎጣ አድርጌ ለሐዋ ደወልኩላት። አሶሳ ተመልሳለች፤ የቀሩትን ወንበሮች ግማሹን እዚያችው ከተማ በርካሽ ሸጣ፣ ግማሹን ባዶ በሚመለስ መኪና ጭና። ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ የድንጋይና የካስማ ድምፅ ግን አይሰማም።

የሆቴሉን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ገንዘቡ እንደሚገባላት፣ ሥራዋን እንደወደዱት፣ ቀሪውን ግን ከሌላ እንደገዙ። 

“አውቃለሁ” አለች። “ሰውየው ደወለ።”

“የትኛው ሰውዬ?”

“ወንበር የሚሠራው። ሽመል ላክልኝ አለ። ጥሬ። ይለፍ ያለው ነጋዴ አለኝ፣ መኪናው በርህ ድረስ ይመጣል አለ።”

“ምን አልሽው?”

“ሴቶቹን ጠየቅኩ። መቁረጥ ይችላል፣ ማሰር ይችላል። ወንበር ካልተሸጠ ምን ይበላል? እሺ አልኩ።”

“ሐዋ፣ ወንበሩንስ?”

“ወንበር ኸላስ፣ አበቃ።”

 እኔ ባልሰጠው ስልኳን ከሌላ ያገኝ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ስሞክር እሷ ቀጠለች፤ ድምጿ ያው ዝቅ ያለ ነው፤ አልተናደደችም፤ የሆነውን እንደሆነ ነው የምትነግረኝ።

“በምን ርዝመት ልቁረጥ አልኩት። በወንበር እግር ልክ ቁረጥ፣ መኪና ላይ ብዙ እንዲገባ አለኝ። ቀዳዳውንም ብሳ አለ። እሺ አልኩት። ያው እኮ ነው ወንድሜ፣ ያው የኔ እግር ነው። አሁን ያልፋል።”